የሰብሪያ መህር

ሰብሪያ ለመህሯ፣ ሙሽራው በኒካሁ ለሚሰጣት ጥሎሽ፣ የጠየቀችው ኮምፒውተር ነበር። የአባቷ የጋሽ ሐቢብ ወዳጆች ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ኒካሁን የሚያስሩት ሼህ ዱዓሌ ግን ነገሩን እንደማንኛውም ጉዳይ ነው ያዩት። ሙሽራዋ ዋጋ ያለው ነገር እስከሆነ ድረስ የፈለገችውን መጠየቅ ትችላለች፤ የጠየቀችው ምን እንደሆነ ግን ተለይቶ መታወቅ አለበት አሉ። «ግመል ስትሉ ዕድሜዋን፣ መልኳን ትናገሩ የለም? ይህም እንደዚያው ይነገር።»

እኔ የገባሁበት በዚህ በኩል ነው። ስሜ ሙሰዓብ ይባላል። ኮምቦልቻ ተወልጄ፣ ሐረማያ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ፣ ሀርጌሳ ከመጣሁ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር፣ ፈርሐን የሚባል ሰው ሱቅ ውስጥ የጥገናው ጠረጴዛ የእኔ ነው። ጋሽ ሐቢብን የማውቃቸው 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር ከምንሰግድበት መስጊድ ነው። ሙሽራው መሀድ ደግሞ አየር ማረፊያ ጭነት ክፍል ስለሚሠራ የሱቃችንን ዕቃ የምንረከበው ከእሱ ነው። ለሁለቱም ወገን ዘመድ ስላልሆንኩ፣ የኮምፒውተሩን ዝርዝር እኔ እንድጽፍ ሁለቱም ተስማሙ። ይህን ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ተቀጣሪ እንደሆንኩ፣ ከእኛ የመግዛት ግዴታም እንደሌለባቸው አስቀድሜ ነገርኳቸው። ጋሽ ሐቢብ እጃቸውን አወዛውዘው ወደ ሥራህ ግባ አሉኝ።

ሰብሪያ ድሬዳዋ የሕንጻ ንድፍ ተምራለች። ሦስት ዓመት የሠራችበት ድርጅት ሲዘጋ፣ እዚያ ትጠቀምበት የነበረው ኮምፒውተርም አብሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ዳሀቦ የሚባሉ፣ አዲስ አበባ ተምረው የተመለሱ የሀርጌሳ ሴት ሥራ ሊሰጧት ፈቀዱ። የእሳቸው ቢሮ አሠራር ለየት ይላል። ወንበርና ጠረጴዛ አያቀርቡም፤ ባለሙያው በቤቱ፣ በራሱ ኮምፒውተር ይሠራል። ፋይሉ ቅዳሜ ጠዋት ይላካል፣ የታረመው ሥዕል ማክሰኞ ይመለሳል። ኮምፒውተሩ ፋይሉን መክፈት ያቃተው ሰው ሥራው ለሌላ ይሰጥበታል፤ ምክንያት አይጠየቅም። የሰብሪያ የመጀመሪያ ሥራ የአንድ ሆስፒታል ማስፋፊያ ነበር፤ ምሰሶው፣ የውኃ ቧንቧው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ሁሉ በአንድ ሞዴል ውስጥ። ፋይሉ የሚመጣው ከኒካሁ በኋላ በሚውለው ቅዳሜ ነው። ለሙከራ የሰጧትን ፋይል አሮጌው ላፕቶፗ ግማሽ ሰዓት ሲታገለው ቆይቶ ፕሮግራሙ በራሱ ጊዜ ይዘጋል።

«ይህ ካመለጠኝ ከአባቴ ጋር ጨርቅ መለካት ነው» አለችኝ። ጋሽ ሐቢብ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ እዚያው ተቀምጠው ይሰሙ ነበር፣ አልተቀየሙም።

ዕቃ ከመምረጤ በፊት ስትሠራ ማየት ፈለግሁ። ከሱቅ አንድ ኮምፒውተር ተውሼ ሁለት ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ እትዬ ፋሪዳ አልጋ ልብስ ዳር ዳሩን እየሰፉ አጠገባችን ተቀመጡ። ሰብሪያ ከሙከራው ፋይል አንዱን ፎቅ ብቻ ለይታ ስትሠራበት፣ እኔ ኮምፒውተሩ ውስጥ የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደሚደክም የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ከጎን ከፍቼ እከታተል ነበር። ወደ ሱቃችን የሚመጣ ሰው አብዛኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ግራፊክስ ካርድ ነው፤ ትልቅ ነው፣ ማራገቢያ አለው፣ መብራት አለው፣ ስሙም ይታወቃል። የሰብሪያ ፕሮግራም ካርዱን የሚፈልገው በጥቂቱ ነበር። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካሉት ብዙ ክፍሎች አንዱ ብቻውን ሲያርስ ሌሎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ራሙ፣ ሥራው ላይ ያለው ሁሉ ለጊዜው የሚቀመጥበት ቦታ፣ ግን ይሞላል። ግድግዳ ስትጨምር ይሞላል፣ ቧንቧ ስታዞር ይሞላል፤ ጢም ሲል ስክሪኑ ይደርቃል።

ስለዚህ ዝርዝሩ ከራም ጀመረ። ስልሳ አራት ጊጋ፣ በሁለት ፍሬ። ቀጥሎ ክፍሎቹ ጥቂት ቢሆኑም እያንዳንዱ ፈጣን የሆነ ፕሮሰሰር፣ መካከለኛ ካርድ፣ ፈጣን ማከማቻ፣ ከሚያስፈልገው ትንሽ ከፍ ያለ ፓወር ሰፕላይ፣ መብራት ሲቋረጥ ሥራዋን አስቀምጣ የምታጠፋበት ጊዜ የሚሰጥ ባትሪ። ኬዙ ፊቱ ወንፊት፣ ማጣሪያው ተነቅሎ የሚታጠብ እንዲሆን ጻፍኩ። ሀርጌሳ ውስጥ ኮምፒውተር የሚገድለው አቧራ ነው፤ በሳምንት ሁለት ሦስቱን እኔው እከፍታለሁ። በአንድ ነገር ብቻ ተከራከርን። እኔ ካርዱን ከፍ ላድርገው ስል እሷ ልዩነቱ ሰፊ ስክሪን ላይ ይዋል አለች። ቀኑን ሙሉ የምታየው እሷ ስለሆነች ተቀበልኳት።

መሀድ በሁለተኛው ቀን መጥቶ አብሮን ተቀመጠ። ጅግጅጋ ያደገ፣ አዲስ አበባ የተማረ ልጅ ነው፤ ሶማልኛው ውስጥ አማርኛ እየገባበት የሥራ ባልደረቦቹ ይስቁበታል። የጻፍኩትን አንድ በአንድ ጠየቀኝ፤ ካጠራቀመው ደመወዙ የሚገዛው እሱ ነውና መጠየቁ ተገቢ ነበር። በመጨረሻ በመስታወት የተሠራ፣ መብራት ያለው ኬዝ ቢሆን ምን ይመስለናል አለ። ሰብሪያ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ «መብራት ካማረህ አምፖል ለውጥ» አለችው። እትዬ ፋሪዳ መርፌያቸውን አቁመው ሳቁ።

ስህተቱን የሠራሁት ዝርዝሩን ስጨርስ ነው። ዕቃው የሚመጣው ከዱባይ ነው፤ ዛሬ ያለው ሞዴል የዛሬ ወር ላይኖር ይችላል። አንድ ቁጥር ስለተለወጠ ብቻ መሀድ ቃሉን አፈረሰ እንዳይባል ብዬ ከወረቀቱ ግርጌ «ወይም ከዚህ የሚበልጥ» የሚል ጨመርኩ። ለአንደኛው ወገን የጻፍኩት ለሌላኛውም እንዲመች ነበር ሐሳቤ። ሰብሪያ እዚያ መስመር ላይ ስትደርስ ቆም ብላ ይህቺ ምን ታደርጋለች አለችኝ። አስረዳኋት። ትከሻዋን ነቅንቃ ፈረመች።

መሀድን ያሳደጉት አጎቱ ኤልሚ ናቸው። በከብት ገበያው ስማቸው የታወቀ ደላላ ናቸው፤ በስደቱ ዘመን ጅግጅጋ ኖረው አማርኛ ይናገራሉ፣ እኛም እንደ መሀድ «አዴር» እንላቸዋለን፣ በሶማልኛ አጎት ማለት ነው። በዚያ ወር ከበግ ላኪዎች ጋር ዱባይ የሚሄዱበት ጉዳይ ነበራቸው። ዝርዝሩን መሀድ ሰጣቸው፤ እሳቸውም ወስደው እዚያ ላለ ሻጭ አሳዩት። ሻጩ ወረቀቱን አየና፣ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ፣ ተገጣጥሞ ያለቀ ኮምፒውተር አለ አላቸው። አዴር ኤልሚ ግርጌው ላይ ያለውን መስመር አነበቡለት። ከዚያ መሀድ በሰጣቸው ላይ ከኪሳቸው ብዙ ጨምረው ገዙት። ለልጃቸው ሚስት ከተጻፈው በላይ ይዞ መግባት፣ ከተጻፈው በታች ከማምጣት የከፋ ነገር ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

ኮምፒውተሩ ረቡዕ ደረሰ። ኒካሁ ሐሙስ ነበር። መሀድ ከአየር ማረፊያው በቀጥታ ቤቱ ወስዶ ጠራኝ። ብርድ ልብሱን ሲገልጠው በሦስት ጎኑ መስታወት ነው። ስናበራው ክፍሉ መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፣ ከዚያ ቀይ ሆነ። ያምር ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ውስጡ ያለው ካርድ እኛ ሱቅ ገብቶ የማያውቅ፣ የክንድ ያህል ነው። ራሙ ግን አሥራ ስድስት ጊጋ ነበር። ፕሮሰሰሩ ካዘዝኩት ሁለት ደረጃ ያንሳል። አየር የሚገባው ከሥር በጣት በምታክል ክፍተት ነው።

ነገርኩት። መሀድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መብራቱ ሲቀያየር ለጥቂት ጊዜ ተመለከተ።

«ነገ አትናገር» አለኝ። «ከኒካሁ በኋላ ነገሩ የእኔና የእሷ ነው፤ ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ። ከኒካሁ በፊት ከሆነ ግን የሁለት ቤተሰብ ነገር ነው።»

«ቅዳሜስ?»

«ኢንሻአላህ አንድ ነገር እናደርጋለን።»

ያለው ነገር ክፋት አልነበረበትም። አጎቱን ማዋረድ አልፈለገም፤ ሰብሪያንም ማታለል አልፈለገም፤ ሁለቱን የሚያስታርቅ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቀኝ። እኔም ሳስበው አመሸሁና አንድ መንገድ አገኘሁ። ሁለቱም ወገን ስለመረጡኝ በራሴ ተነሥቼ ለአንዱ ልናገር አይገባኝም፤ ከተጠየቅሁ ግን እውነቱን እመልሳለሁ። ይህን ጠዋት ለመሀድ በስልክ ነገርኩት። ማንም አይጠይቅህም አለኝ።

ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ ወንዶቹ ጋሽ ሐቢብ ሳሎን ተሰበሰቡ፤ ሃያ ያህል ሰው ይሆናል። ሴቶቹ በውስጠኛው ክፍል ነበሩ፤ በመካከላችን መጋረጃ አለ። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይበራል። የሙሽራው ወገን ሽማግሌዎች ቀለሙ በተለወጠ ቁጥር ማሻአላህ ይላሉ። አዴር ኤልሚ አዲስ ሽርጥ ለብሰው፣ ነጠላ መሳይ ሻላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ከዱባይ እስከ ሀርጌሳ በእጃቸው ይዘውት እንደመጡ ይተርኩ ነበር።

ሼህ ዱዓሌ ዝርዝሩን አነበቡ። የኮምፒውተር ቃላት በሼህ አፍ ሲነበቡ ወጣቶቹ ፈገግ አሉ። እንደጨረሱ አዴር ኤልሚን ይህ ያው የተጻፈው ነው ወይ ብለው ጠየቁ።

«ከዚያ የሚበልጥ ነው» አሉ አዴር ኤልሚ። «ተጽፏል፤ ግርጌውን አንብቡት።»

ሼሁም አነበቡት። ጋሽ ሐቢብ ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሼህ ዱዓሌ ወረቀቱን ሊያጥፉ ሲሉ፣ የነገሩ ወግ እንዳይጎድል ብለው ይመስለኛል፣ ወደ እኔ ዞሩ። ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ይበልጣል ወይ አሉኝ። መሀድ ምንጣፉን ይመለከት ነበር።

«በዋጋ ይበልጣል» አልኩ። «ለእሷ ሥራ ያንሳል።»

አዴር ኤልሚ የመጨረሻውን ቃል እንድደግመው ጠየቁ፤ ደገምኩት። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ተናገረ። አንዱ፣ ከሁሉ ውድ የሆነው ዕቃ እንዴት ያንሳል አለ። ሌላው፣ ይህ ልጅ እንዲህ የሚለው ከእነ ፈርሐን ሱቅ ስላልተገዛ ነው አለ፤ ይህ እንደሚመጣ ጠብቄ ነበር። ጋሽ ሐቢብ ክርክሩን የቆረጡት ወደ መጋረጃው ተጠግተው እትዬ ፋሪዳን የሙከራውን ፋይል በመጠየቅ ነው። ፍላሹ በመጋረጃው ሥር ወጣ።

የሰብሪያን ፕሮግራም ጭኜ ፋይሉን ከፈትኩት። ሃያ ሰው አንዲት አረንጓዴ መስመር ስትራመድ ተመለከተ። መጀመሪያ ላይ ፈጠነች፤ የሙሽራው ወገን ተነቃቃ። አንድ ሽማግሌ ፈረስ እንደሚያበረታታ ሰው በርቺ አላት። ከግማሽ በኋላ እርምጃዋ አጠረ። ሻይ ተቀዳ፣ ተጠጣ። ከጎን የከፈትኩት ሰንጠረዥ ላይ የራሙ መስመር ጣሪያው ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ አዴር ኤልሚ ያ ምንድን ነው አሉኝ፣ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲያ አረንጓዴዋን ትተው ያንን ብቻ ነበር የሚያዩት። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ፕሮግራሙ ተዘጋ። ስክሪኑ ላይ የዱባዩ ሻጭ ያስቀመጠው የመኪና ሥዕል ብቻ ቀረ።

አዴር ኤልሚ አንድ ጊዜ ድገመው አሉ። ደገምኩት። እዚያው ቦታ ላይ ተዘጋ።

«ለወተት የጠየቀችኝን ለሥጋ ገዛሁላት» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሽማግሌዎች እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያመጡት መፍትሔ ነው። ኒካሁ ዛሬ ይታሰር፤ የተጻፈው ኮምፒውተር በቀጠሮ ይሁን፤ ይህኛው ደግሞ ስጦታ ይባል። ሼህ ዱዓሌ መህር በቀጠሮ መሆን እንደሚችል፣ ሙሽራዋ ግን መስማማት እንዳለባት ተናገሩ። እትዬ ፋሪዳ ሄደው ተመለሱ። ሰብሪያ፣ ፋይሉ ቅዳሜ ጠዋት ነው የሚመጣው፣ ከቅዳሜ በኋላ የሚደርስ ኮምፒውተር ለምኔ ነው ትላለች አሉ። የተጻፈው በሁለት ቀን ከዱባይ አይመጣም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመጡ በኋላ ኒካሁ ሳይታሰር መመለስ ለመሀድ ቤተሰብ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ያንን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አላነሣውም።

በዚህ መሀል ሰብሪያ ራሷ መጋረጃው ጋ መጣች። ከመጋረጃው ጠርዝ የሚታየው ሂና የተቀባ እጇ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ያናገረችው እኔን ነው።

«ሙሰዓብ፣ ማዘርቦርዱ ስንት ራም ይቀበላል?»

ቦታው ሁለት ብቻ ቢሆንም ስልሳ አራት እንደሚይዝ ነገርኳት። ፕሮሰሰሩስ አለች፤ በዚያው ቦታ የሚገባ፣ ካዘዝነው ትንሽ የሚያንስ፣ ካለው ግን የሚሻል ሱቃችን ውስጥ እንዳለ መለስኩ። 

«አዴር» አለች ከዚያ። «ያመጡልኝ ትልቅ ነገር ነው፣ አላህ ይስጥልኝ። ነገር ግን ትልቁ ካርድ እኔ ዘንድ ሥራ የለውም። ኒካሁ እስኪታሰር ዕቃው የእርስዎ ነው። ካርዱን ሸጠው በራምና በፕሮሰሰር ቢለውጡልኝ ዛሬውኑ እሺ እላለሁ። እንዲሁ እንዳለ ከሆነ ግን አልልም።»

«ሰብሪያ» አሉ ጋሽ ሐቢብ።

«አባዬ፣ መህሩ የእኔ ነው።»

አዴር ኤልሚ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ። መስታወቱ ውስጥ ካርዱ ከሐምራዊ ወደ ቀይ ተለወጠ። ከዚያ ተነሥተው ሻላቸውን አስተካከሉና ንቀለው አሉኝ።

እኔና እሳቸው በመሀድ መኪና ወደ ፈርሐን ሱቅ ሄድን፤ መሀድ ይነዳል። ኮምፒውተሩ ከኋላ ወንበር ከእኔ ጋር ነበር። ዋናው መንገድ ላይ ወጣን። ከዚያ አዴር ኤልሚ ፊታቸውን ሳያዞሩ ጠየቁኝ።

«ይህን መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ትናንት።»

«ትናንት አውቀህ፣ ዛሬ በሰው ፊት ተሸክሜው ስገባ አየኸኝ።»

መሀድ እኔ ነኝ አትናገር ያልኩት አላቸው። እሱን በእጃቸው ዝም አሰኙት። እኔም ያሰብኩትን አስረዳሁ፤ ለሁለቱም ወገን እኩል እንድሆን ስለተመረጥኩ፣ ሳልጠየቅ መናገር ለአንዱ ማድላት መስሎኝ ነበር አልኩ። ጮክ ብዬ ስናገረው ማታ ካሰብኩት ይልቅ ደካማ ሆኖ ተሰማኝ።

«እኛ ገበያ» አሉ፣ «እግሯ የተሰበረ በግ አይቶ እስኪጠየቅ የሚጠብቅ ደላላ አለ። አልዋሸም። ገዢም ሻጭም አይከሰውም። ሁለተኛ ግን የሚጠራው የለም።»

ወንበሩ ላይ ሆኜ ኮምፒውተሩ እንዳይንገጫገጭ ይዤው ሄድኩ።

ፈርሐን ሱቁን ሊዘጋ ሲል ደረስን። ካርዱን ሲያይ ደስታውን ለመደበቅ ሞከረ፤ ወዲያው ጥግ ጥጉን ይመረምር ጀመር። አዴር ኤልሚ ዋጋ በአፍ አልጠሩም። ሻላቸውን ከትከሻቸው አውርደው የፈርሐንን እጅ ከሥሩ ያዙት፤ በከብት ገበያ እንደሚደረገው በጣት ይነጋገሩ ጀመር። ከላይ የሚታየው የጨርቁ መነቃነቅ ብቻ ነው። ፈርሐን አባቱ ከብት ነጋዴ ስለነበሩ ቋንቋውን ያውቀዋል፤ ለራም ግን ተጠቅሞበት እንደማያውቅ ኋላ ነግሮኛል። ሁለት ጊዜ እጁን ሊያወጣ ሞከረ፣ ሁለቱንም ጊዜ አለቀቁትም። ሲጨርሱ ሁለት ፍሬ ራም፣ ፕሮሰሰሩ፣ መካከለኛ ካርድ፣ በተጨማሪም ዝርዝሩ ላይ የነበረው ወንፊት ፊት ያለው ኬዝ ጠረጴዛው ላይ ቀረቡ። መስታወቱ ኬዝ ሱቁ ቀረ። ከሁለቱ ማን እንደተጎዳ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ሁለቱም ተጎድቻለሁ ይላሉ።

ዕቃውን አውጥቼ በአዲሱ ኬዝ ስገጥም አዴር ኤልሚ ከአጠገቤ ቆመው እያንዳንዱን ነገር አስጠሩኝ። ይህ ምንድን ነው፣ ምን ያደርጋል፣ ለምን ከዚያ ጎን ገባ። ቀደም ብለው ዱባይ እንዲህ የሚጠይቁት ሰው ቢኖራቸው ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ያ ሰው መሆን የነበረብኝም እኔ ነኝ፤ በወረቀቱ ግርጌ ከዚያ መስመር ይልቅ ስልክ ቁጥሬን ብጽፍ ይሻል ነበር።

መግሪብ ሰግደን ተመለስን። እንግዶቹ አልተበተኑም፤ ምግቡ ቀድሞ ወጥቶ ይበላ ነበር። የገባው ጥቁር ሣጥን ነው፤ ሲበራ አንዲት ነጭ ነጥብ ብቻ ታየችበት። ማሻአላህ ያለ አልነበረም። ፋይሉን ከፈትኩት። መስመሯ ሳትፈጥንም ሳትዘገይም ሄዳ በዘጠነኛው ደቂቃ ሆስፒታሉ ስክሪኑ ላይ ቆመ። አንዱን ፎቅ ገልጬ ቧንቧዎቹን አሳየኋቸው። ጋሽ ሐቢብ ይህን ሁሉ እሷ ናት የምትሠራው ብለው ጠየቁኝ፤ የምታርመው እሷ ናት አልኩ።

ሰብሪያ በእናቷ በኩል አንድ ነገር ላከች። ዝርዝሩ እንደገና ይጻፍ፤ ግርጌ ላይ ያለው መስመር ይውጣ። ሼህ ዱዓሌ ብዕር ሰጡኝ። ያለውን ዕቃ እንዳለ ጻፍኩ፣ የራሙን፣ የፕሮሰሰሩን፣ የካርዱን፣ እዚያ ላይም አቆምኩ። አዴር ኤልሚ ወረቀቱን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡና ምስክር ሆነው ፈረሙ። ኒካሁ ከኢሻ በፊት ታሰረ። አዴር ኤልሚ ሲወጡ እኔን ጨምሮ ሁሉንም ሰው ጨበጡ፤ ከእኔ ጋር ግን አልቆዩም። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ ይሰጡኛል፤ የሚገዙት ነገር ሲኖር የሚጠይቁት ፈርሐንን ነው።

በመሀድ ቤተሰብ ልማድ ሙሽራ ሰባት ቀን ሥራ አትነካም። ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ሲጠራ መሀድ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው። አክስቱ ሂቦና ሌሎች ሴቶች ሳሎን ተቀምጠዋል፣ ሙሽራዋ ተኝታለች ብሏቸዋል፣ እሱ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ፋይሉ መጥቷል። ከሙከራው በጣም ይበልጣል፤ ወይዘሮ ዳሀቦ ሌላውንም ሕንጻ ጨምረውበታል።

ራሙ ስንት ደረሰ አልኩት።

«አርባ ስድስት። አርባ ዘጠኝ።» ትንሽ ቆየ። «ሃምሳ ሦስት። ሙሰዓብ፣ ስልሳ አራት ከደረሰ ምን ይሆናል?»

የሚሆነውን ሁለታችንም ሐሙስ አይተነዋል። ሌላ የተከፈተ ነገር ካለ ትዝጋው አልኩ። ሲነግራት ሰማሁ፤ የምትመልሰውን አልሰማሁም። ሃምሳ ስድስት አለኝ። ሃምሳ ሰባት። ከዚያ በሩ ሲንኳኳና እሱ በሶማልኛ ገና አልነቃችም ሲል ብቻ ይሰማኝ ነበር።

«እሺ?» አልኩት።

«ሃምሳ ስምንት ላይ ነው። አልተንቀሳቀሰም።»

«ሕንጻውስ?»

መልሱ ከእሱ አልመጣም። ከክፍሉ ውስጥ፣ የማውሱ ድምፅ ሳይቋረጥ፣ የሰብሪያ ድምፅ መጣ።

«ተከፍቷል፤ ሙሽራዋ ሥራ ላይ ናት በለው።»